ከገረሴ የወረደው ትከሻ

ዋጋውን ሳልናገር ዕቃ ማሳየት አልወድም፤ ስለዚህ ነገሩ ምን እንዳስወጣኝ ከፊት ልናገር። ሁለት እግር አስወጥቶኛል። እግሮቹ የእኔ አይደሉም፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እግሮች ናቸው። ከእግሮቹ ጋር ደግሞ ራት ላይ የነበረው የባለቤቴ ወሬ አብሮ ሄዷል። ለሐኪም ቤት፣ ለመድኃኒትና ለመኪና የወጣውን ብር እዚህ ውስጥ አላስገባውም። ብር ሄዶ የሚመለስበትን መንገድ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የበላሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው። እግር የሚመለስበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ የቆላ ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው፤ የተማርኩትም እዚያው መናኸሪያው አጥር ሥር ነው። የመንግሥቱን ትምህርት ቤትም ጀምሬው ነበር፣ ሳንስማማ ቀረን። ከሎሚ ወደ ማንጎ፣ ከማንጎ ወደ ጫሞ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሙዝ ተሸጋገርኩ። ዓሣን የተውኩት ትዕግሥት ስለሌለው ነው፤ ሙዝ ቢያንስ ገዢ እስኪመጣ ይጠብቅሃል። ሙቀት ለእኔ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ አልወደውም፣ ልማዱን ግን አውቃለሁ። መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ በር ዘግተህ እንደምትቀመጥ፣ በየትኛው ግድግዳ ጥግ ታክከህ እንደምታልፍ ማንም አላስተማረኝም። ሰውነቴ ራሱ ነው ያወቀው። ሰውነት የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ሰው እንደ ዕውቀት አይቆጥረውም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል።

ሚስት ያገባሁት ከላይ ከደጋው፣ ከገረሴ ነው። ድንች ልገዛ ወጥቼ ሚስት ይዤ ወረድኩ እያልኩ ሰው ፊት እቀልድ ነበር። እሷም «ድንቹንም በውድ ነው የገዛኸው» ትል ነበር።

እውነቷን ነው። መኪና ከሚቆምበት መንገድ ዳር እስከ አማቶቼ ግቢ አንድ ዳገት አለ። የመንደሩ ሰው ዳገት ብሎ አይጠራውም፤ «እዚህች ጋ» ነው የሚለው። እኔ እዚህች ጋ ለመድረስ ሦስት ቦታ እቀመጣለሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ጭኔ አሸዋ የሞላበት ጆንያ ይሆናል፣ እግሬ እያለ የሌለ ይመስለኛል። ላይ ስደርስ ድንቹ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ሻጩ ዋጋ ይጠራል። እኔ መልስ ለመስጠት አየር እፈልጋለሁ፤ አየሩ የለም። ዋጋ መከራከር ትንፋሽ ይጠይቃል። ስንት ዓመት በመጀመሪያው ዋጋ ራሴን እየነቀነቅሁ ከተስማማሁ በኋላ ነው የነቃሁት፤ ሰዎቹ ድንቹን መንገድ ዳር አውርደው የማይሸጡት ለማውረድ ሰንፈው አይደለም።

ይህን የነገረኝ፣ ነግሮኝም ሆዱን ይዞ የሳቀው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ ጋሼ ስትል እየሰማሁ እኔም ጋሼ አልኩት። ረዥም ሰው አልነበረም። ደረቅ፣ አንገተ አጭር፣ ባቱ እንደ ተገመደ ገመድ የሆነ ገበሬ ነው። ድንች የሞላ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ያንን ዳገት ሲወጣ ስለ ጎረቤቱ አጥርና ስለ ጎረቤቱ ሚስት ያወራል። የሚቆመው ለመሳቅ ብቻ ነው። እኔ ባዶ እጄን ከኋላው እጎተታለሁ።

«አንተ ነጋዴ፣ ምላስህን መኪናው ውስጥ ረሳኸው እንዴ?»

እጄን አነሳለሁ፣ ጠብቀኝ ለማለት።

«ስትወጣ ዝምተኛ፣ ስትወርድ ለፍላፊ። እህቴ ይህን አውቆ ነው ያገባህ?»

አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ ሚስቴንም መኪናንም እሱ ነው የሚላቸው። እኔም የእሱን ቋንቋ ከሰላምታና ከቁጥር አላልፍም፤ ስለዚህ ተቻችለናል።

እንግዲህ ወደ ቆላ በወረደበት ዓመት ጋሼ ክፉኛ ከፍቶት ነበር። እዚያ ላይ የዓመቱ ትልቁ ቀን መስቀል ነው። ወንዶቹ ተሰብስበው ቅርጫ ይገባሉ፣ በሬ ይጣላል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፤ በየአገሩ የተበተነው ሰው ሁሉ ለዚያ ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቅርጫ ያልገባ አባወራ አይራብም፤ ጎረቤት ይልክለታል። ችግሩ መላኩ ነው። ጋሼ ገብሱን በረዶ መታው፣ በዓመቱ ድንቹ ታመመ፤ ሁለት መስቀል በሩን ገርበብ አድርጎ የጎረቤት ሥጋ ተቀበለ። ሁለተኛው ላይ ልጆቹ የተላከውን ሥጋ ሲያዩ ደስ ማለታቸውን ነበር መሸከም ያቃተው።

በጥር ወር ዳገቱን አብረን ስንወርድ ጠየቀኝ። ስንወርድ ስለሆነ እኔም አፍ ነበረኝ።

«ታች ትከሻ ያለው ሰው ሥራ አያጣም ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ሥራ ሞልቷል። ሙቀቱን ነው እንጂ።»

«ሙቀት ይከብዳል?»

«አይከብድም። አይታይም።»

«የማይከብድ ነገርማ እሸከማለሁ» አለ።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለመጪው መስቀል የራሱን ድርሻ በራሱ ትከሻ አግኝቶ ያንን ዳገት ቀና ብሎ መውጣት። ከዚያ በላይ አልጠየቀም። እኔም በሆዴ የነጋዴ ሒሳብ ሠራሁ። አየር በሌለበት ቦታ ጆንያ ተሸክሞ የሚያወራ ሰው፣ አየር በሞላበት ቦታ ምን ሊሆን ነው? ይበራል። ሒሳቡ ግማሹ ትክክል እንደነበር አንዲት ሐኪም በኋላ ነገረችኝ።

ባለቤቴ አልተዋጠላትም። «ጋሼ ቆላ አያውቅም» አለች። «ለሠርጋችን እንኳ ወርዶ አንድ ሌሊት ነው ያደረው።»

«ቶሎ የተመለሰው ዘመዶቼን አይቶ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

ሙዝ የሚጫነው በቀትር ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ይመስለዋል፤ ሥርዓት ግን አለው። ጠዋት ይቆረጣል፣ ከየማሳው ተለቅሞ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መጫን ይጀመራል፤ መኪናው አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ሌሊቱን ይጓዛል፣ ሲነጋ አዲስ አበባ ገበያ ይገባል። ሙቀት ላይ የተጓዘ ሙዝ መንገድ ላይ ይበስልና ገዢ ሳያየው ይጠቁራል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ሰዓት የሙዙ ነው፤ ሞቃቱ የጫኙ። መኪናው ውስጥ ከሥር ኮባ እናነጥፍለታለን፣ ከላይ ኮባ እናለብሰዋለን፤ እንዳይጋጭ፣ እንዳይሞቀው። ለጫኙ የሚነጠፍ ነገር የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ አካባቢ ያለው የሙዝ ማሳ ላይ ጋሼን አምጥቼ ለጫኞቹ አለቃ አስረከብኩት። አለቃው አጭር፣ ነገር የሚወድ፣ እዚያው ዓባያ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየው። ጋሼ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። ባለቤቴ ጠዋት ስስ ሸሚዝ ሰጥታው ነበር፤ ሸሚዙን ለብሶ ሹራቡን ከላይ ደረበበት።

«ባለሙዙ፣ አማችህን ለክረምት ነው ያመጣኸው?» አለኝ አለቃው።

«ላቤን ነፋስ እንዳያገኘው ነው» አለ ጋሼ ራሱ። «እናንተ ራቁታችሁን ሆናችሁ ነፋስ ሲመታችሁ እኔ ነኝ የምቀብራችሁ።»

ጫኞቹ ሳቁ፣ ስሙንም ወዲያው ደገኛው አሉት። በሹራቡ ግን ማንም አልተከራከረውም። ላብ ላይ ነፋስ ክፉ መሆኑን እኛም እናምናለን። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ሰው ሲጣላ ያላየ ማን አለ? ላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃም እንደዚያው ነው። ጫኝ ጭነት ሳይጨርስ ውሃ አይጠጣም፤ እግር ያላላል ይባላል። ሲጨርሱ ጥላ ሥር ሰብሰብ ብለው ከእህል የሚጠመቀውን ቦርዴ ይጠጣሉ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሠርግ ነበር። አንድ ሰው ዘለላ ሙዝ በትከሻው አድርጎ፣ ጣውላውን ረግጦ መኪናው ላይ አድርሶ ሲመለስ፣ ጋሼ ሁለተኛውን ይዞ እየመጣ ነው። አይተነፍስም ማለት ይቻላል። እየሄደ ያወራል፣ እየወጣ ይቀልዳል።

«ይሄ አገር አየሩ ወፍራም ነው» አለኝ ሲያልፍ። «ሳትስበው ራሱ ይገባል። እናንተ በዚህ አየር ነው የምትደክሙት?»

«ባለሙዙ፣ ይሄን ሰውዬ ከነመንደሩ አምጣው፤ እኛ ቤታችን እንግባ» አለ አንዱ።

ጫኞቹ በየመሀሉ ማንጎው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የሚቀመጡት ሲደክማቸው አይደለም፤ ሊደክማቸው ሲል ነው። ሰውነታቸው ሰዓት አለው። ጋሼ አይቀመጥም። ለምን ይቀመጣል? አገሩ ላይ የሚያስቆመው ትንፋሽ ነበር፤ እዚህ ትንፋሹ ሞልቶለታል፣ ቁም የሚለው የለም። አለቃው አንድ ሁለቴ «ደገኛው፣ ጥላ በነፃ ነው» አለው። «ጥላ እኛም አገር አለ፣ እንዲያውም የሚጠላ ነው» አለው መልሶ። ማታ እኔ ቤት እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ እንጀራውን የሚያቃጥለውን ዳጣ እያስነካ በልቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየሳቀ ተኛ። ባለቤቴ ልብሱን ስታነሣ የሹራቡን ክብደት አሳየችኝ። በላብ ርሶ ዝናብ የመታው በግ ያህላል።

«ነገ ይህን ደብቂበት» አልኳት።

ደበቀችበት። ሲነጋ ፈልጎ አገኘው።

ጥቂት ቀን እንደዚያ ሄደ። እየዋለ እያደረ ማታ ማታ መብላት ቀነሰ፤ የሽንቱ ቀለም መወፈሩን ለባለቤቴ ነግሯት ነበር፣ እሷም የቦርዴ ነው ብላ አሰበች። የዐቢይ ጾም መግቢያ ደረሰ። በጾም ሙዝ ይፈለጋል፤ ያን ቀን በአንድ መኪና ፈንታ ሁለት አዘዝኩ። ጫኝ ግን ያው ነው። ሁለተኛው መኪና ዘግይቶ መጣ፤ ሾፌሩ ገና ከመቀመጫው ሳይወርድ «ቶሎ በሉ፣ ብርሃን ሳለ ተራራውን ልለፍ» እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ነፋስ የለም። የሙዙ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም፤ እርጥበቱ ከመሬት ይነሣል፣ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። እኔ መዝገብ እንደያዘ ሰው ጥላ ሥር ቆሜያለሁ፤ ሥራዬ መቆም ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝም ማለቱን ነው። ጋሼ ዝም ብሎ አያውቅም። ከዚያ ባቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ሥጋው እንቁላል የሚያህል ተሰብስቦ ቆሟል። አለቃው ተንበርክኮ አሸለት።

«ጅማት ነው። ይለቅሃል።»

ለቀቀው፤ ሌላው እግሩ ያዘው። እሱም ለቀቀው። ተነሣና ዘለላውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይብቃህ ዛሬ» አልኩት።

«ትንሽ ናት የቀረችው» አለ። አጠገቡ የቀረው ሙዝ ግማሽ መኪና ነው።

ከዚያ ያየሁትን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ዘለላውን እንደተሸከመ መኪናውን አልፎ ሄደ። ወደ ማሳው ውስጥ ገባ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ጠጠር የሚሽከረከርበት ዘንበል የለውም። እሱ ግን ጉልበቱን ከፍ አድርጎ እያነሣ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እየረገጠ ነው የሚሄደው። ጫኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ የሚቀልድ መስሏቸው።

«ደገኛው፣ ወዴት ነው?»

«እዚህች ጋ» አለ።

ሮጬ ደረስኩበት። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ያየኛል ግን አያገኘኝም። ዘለላውን ከትከሻው ላይ ስቀበለው አንገቱ እጄን እንደ ምድጃ ድንጋይ አቃጠለው። ከዚያ እግሩ ከሥሩ ሄደ።

«ምች ነው» አለ አለቃው።

ሁላችንም ምች ነው አልን። ጥርጣሬ እንኳ አልነበረንም። ምች የመታውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ደግሞ ከልጅነታችን እናውቃለን። አንዱ ሮጦ ዳማከሴ ቀጥፎ መጣ፣ አሽተን አፍንጫው ሥር ያዝንለት፣ ግንባሩን ቀባነው። ነፋስ እንዳያገኘው አንዱ ነጠላውን፣ አንዱ የጭነት ሸራውን ደረበበት። እኔ ከመኪናው ጋቢዬን አምጥቼ አንገቱ ድረስ ጠቀለልኩት። ከንፈሩን በምላሱ ሲልስ አይቼው ነበር። ውሃ እንዳይሰጠው ከለከልኩ፤ ላብ ላይ ነው። በእኔ ቤት ሰው እያዳንኩ ነው። ኋላ በተከራየናት ትንሽ መኪና ጭነን ወደ ከተማ ስንበር መስኮቶቹን አራቱንም ዘጋናቸው። ውስጥ ያለነው ሰዎች እንኳ መተንፈስ አቅቶን ነበር። ማንም ይከፈት አላለም።

ሐኪም ቤት በር ላይ ነርሷ ገና ስታየው ጋቢውን ገፍፋ ጣለችው፣ ሹራቡን በመቀስ ቀደደችው፣ በባልዲ ውሃ ደፋችበት። እኔ «ኧረ ነፋስ» ስል ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

አመሻሹ ላይ ሐኪሟ ጠራችኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ናት።

«ማን ነው ያለበሰው?»

«ሁላችንም።»

«ውሃ ጠጥቷል?»

«ላብ ላይ ስለሆነ …» ብዬ ጀምሬ አልጨረስኩትም።

የተማረ ሰው ቁጣ እጠብቅ ነበር። አልተቆጣችም። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት።

«እናቴም ብትኖር ታለብሰው ነበር» አለች። «ይስሙኝ አባቴ። ሰውነቱ ከውስጥ በስሏል። ጡንቻው ፈርሶ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ የፈረሰው ኩላሊቱን እየደፈነው ነው። ሽንቱን አይተውታል? ጥቁር ሻይ ነው የሚመስለው።»

«ጠንካራ ሰው እኮ ነው።»

«ጠንካራነቱ ነው የጎዳው። ደካማ ቢሆን ቀድሞ ይቀመጥ ነበር።» ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከደጋ የወረደ ሰው አየር ስለሚተርፈው ቶሎ አይደክምም፤ ሥራው ይቀለዋል። ሙቀት ግን ከአየር ጋር ዝምድና የለውም። ደም ለሥራው ጡንቻ ልሂድ ወይስ ሙቀቱን ላወጣ ቆዳ ላይ ልውጣ እያለ ይሻማል፤ ላቡ ካልደረቀ፣ ውሃው ካልተተካ፣ ጡንቻው እንደሚሠራ ሞተር ራሱን ያቃጥላል። «ቆላ ለመልመድ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ትንሽ፣ በጠዋት፣ በስስ ልብስ፣ ውሃ እየጠጣ ቢሠራ ኖሮ ይለምደው ነበር።»

«ማንም አልነገረንም።»

«ማንም አይነግራችሁም» አለች። «የሚመጡት ከወደቁ በኋላ ነው።»

ተረፈ። ብዙዎቹ አይተርፉም አሉኝ። ኩላሊቱ ከፊሉ ተመለሰ። ጭንቅላቱ ተመለሰ፤ ቀልዱም ትንሽ ተመለሰ። እግሩ አልተመለሰም። ሐኪሟ ጭንቅላት ውስጥ እግርን የሚያስተካክል ቦታ አለ፣ ሙቀቱ እዚያም ደርሷል አለች። ሲቆም ይወላገዳል፤ ጥቂት ሲራመድ ጭኑ ይንቀጠቀጥና ይከዳዋል። ባቱ የነበረው ያ ገመድ ተፈታ። ከዚያ በባሰ ደግሞ ሙቀት ፈጽሞ አይችልም ተባለ፤ አንዴ የበሰለ ሰውነት ለሁለተኛው ቅርብ ነው። እንግዲህ ሙቀት በማይችል ሰውነት፣ ዳገት በማይችል እግር፣ አርባ ምንጭ ተቀመጠ።

ባለቤቴ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ እመልስ ነበር፤ መልስ ሞልቶኛል። ራት ታቀርባለች፣ «ጨው ይበቃዋል?» ትላለች፣ ታነሣለች። ወሬዋ ሁሉ ከወንድሟ ጋር በቋንቋቸው ሆነ። ከሰላምታና ከቁጥር ስለማላልፍ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ጫኞቹ አንድ እሑድ ሊጠይቁት መጡ። አለቃው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ደገኛው፣ ያ ሹራብህ የት ደረሰ?»

«ነርሷ ቀደደው።»

«እኔ ልወርስህ ነበር እኮ።»

«አንተ ነፋስ መትቶህ ሳልቀብርህ እኔን ልትወርስ?» አለ ጋሼ፤ ሁሉም ሳቁ። ሲወጡ አለቃው በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ጎን ተመለከተና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። በማግስቱ ቀትር ላይ እየጫነ ነበር፤ ላንቴ ሄጄ አይቼዋለሁ። ውሃ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ጀሪካን ሙሉ። ጭነት ሳያልቅ የነካው ሰው የለም።

ክረምቱ መሀል ላይ፣ ዝናብ ጥሎ በቀዘቀዘ ጠዋት፣ ጋሼን ከቤታችን ጋር በተያያዘው ሱቄ ጓሮ፣ ዘለላ ሙዝ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። አላየኝም። ጎንበስ ብሎ አቀፈው፣ እስከ ጉልበቱ አነሣው። እግሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አልጣለውም። እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠውና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ዞር ሲል አየኝ።

«ሙዙ አልተጎዳም» አለኝ።

ለመስቀል ወደ አገሩ ልናወጣው ወሰንን። አገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት የለም፣ ቤቱ ነው፣ ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ናቸው። ሐኪሟም ለመኖሩ እዚያ ይሻለዋል ብላ ነበር። ቅርጫ ገብተሃል አልኩት። በማን ብር እንደገባ አልጠየቀኝም። በፊት ቢሆን ይጠይቅ ነበር። መኪናው ከፍታውን እየያዘ ሲሄድ መስኮቱን አስከፈተ፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ነፋስ ነፋስ እያሉ አጉረመረሙ። ፊቱን ወደ ውጭ አውጥቶ እንደ ጠማው ሰው አየሩን ይጎነጨው ነበር። እኔ ገና ከታች ጆሮዬ ተደፍኗል።

መንገዱ ዳር ወረድን። ዳገቱ ያው ነው። ከላይ ጭስ ይታያል፣ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ በአንድ ጎኑ፣ እኔ በሌላው ያዝነው። ጋሼ በሁለታችን መሀል ጉልበቱን ከፍ አድርጎ አነሣ፤ ያን ቀን ሜዳው ላይ እንዳነሣው አድርጎ። ትንሽ ሄድን። የእኔ ልብ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የእሱ ጭን ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ቆመ። አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ነጋዴውና ገበሬው። ሁለታችንም መናገር አልቻልንም። በኖርኩት ዕድሜ ሁሉ ያን ዳገት አብረን አለክልከንበት አናውቅም ነበር።

ደግመን ሞከርን። ከድንጋዩ እስከሚቀጥለው ድንጋይ አልደረስንም።

የመንደሩ ጎረምሶች ከላይ አይተውን ቃሬዛ ይዘው ወረዱ። እዚያ ላይ ሰው መኪና ለመድረስ በቃሬዛ ይወርዳል፤ ታማሚና ወላድ ይወርዳል። ወደ ላይ በቃሬዛ የሚመለሰው ግን ሐኪም ቤት የሞተ ነው። ጎረምሶቹ ይህን ያውቃሉ፤ ቃሬዛውን ከመንገዱ ወጣ አድርገው አስቀመጡትና ዓይናቸውን ወደ መሬት ደፉ።

«ጋሼ፣ ተነሥ፣ ይሸከሙህ» አለችው ባለቤቴ በአማርኛ፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«በመስቀል?» አለ። «ልጆቼ በር ላይ ቆመው?»

«ማንም ምንም አይልም።»

«አይልማ። ዝም ነው የሚሉት።»

ለመነችው። ሚስቱ ወርዳ ለመነችው። እኔ አልለመንኩም፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት በሩን ገርበብ አድርጎ የተቀመጠ ሰው በዚያ በር በሰው ትከሻ አይገባም። ወረደ፤ መውረዱን ይችላል፣ በቂጡ እየተንሸራተተም ቢሆን። መንገዱ ዳር የመልስ ተሳፋሪ የሚጠብቀው መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ድርሻውን በኮባ ጠቅልለው ልጆቹ ይዘውለት ወረዱ። የበኩር ልጁ በሁለት እጁ አቀበለው። ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ቆርሶ ለእያንዳንዳቸው አጎረሳቸው፣ የተረፈውን እንደገና ጠቅልሎ ለሚስቱ መለሰላት። የራሱን ድርሻ ወደ ቤቱ የተላከ ሥጋ አደረገው። በዚያው መኪና ተመለስን። ባለቤቴ ፊት ለፊት እያየች መጣች።

አሁን ቀሪው ይህ ነው። ሱቄ ደጃፍ አንድ ወንበር አለ። ጋሼ ጠዋት በምዕራቡ በኩል፣ ከቀትር በኋላ በምሥራቁ በኩል ይቀመጣል፤ ጥላውን ተከትሎ። ሰውየው ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ እዚህም መሥራት አይችልም። ሙዝ አሁንም የሚጫነው በቀትር ነው።